ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ፣ በየዓመቱ የሚመለስ ቢጫ አበባ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አምና በስፕሪንግ ከአንድ ትልቅ መደብር አደይ አበባ የሚመስል ቢጫ አበባ ገዝቼ ቤቴ ፊት ለፊት ተከልኩ። ካርዱ ላይ ብላክ አይድ ሱዛን ይላል። ሰመሩን ሙሉ እያበበ አላፊ አግዳሚው ሲያየው ነበር። ዘንድሮ ግን አንዱም አልወጣም። ቦታው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የምትሆን መደብ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ታገኛለች፤ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ዛፍ ያጠላባታል። አፈሩ ቀይ ጭቃ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ውሃ ይቋጥራል። ሣሩን የሚያጠጣው አውቶማቲክ መርጫም እዚያ ድረስ ይረጫል። የምፈልገው አንዴ ተክዬው በየዓመቱ ራሱ የሚመለስ፣ በተለይ ለእንቁጣጣሽ የሚያብብልኝ ቢጫ አበባ ነው። ምን ልትከል? እህቴ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ የአደይ ዘር ታምጣልኝ? አሁን ኦገስት እያለቀ ነው፤ ልትከል ወይስ ስፕሪንግን ልጠብቅ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። አበባውን የገደሉት እርስዎ አይደሉም። አፈሩና ብርዱም ዋና ጥፋተኞች አይመስሉኝም። የገዙት ተክል ጠባዩ ነው። በመጀመሪያው ሰመር ያለውን ጉልበት ሁሉ አበባ ላይ ያወጣል፤ ዘር ያፈራል፤ ከዚያ በቃ፣ ይሞታል።

ብላክ አይድ ሱዛን በሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ተክሎች ይሸጣሉ። አንደኛው ሩድቤኪያ ሂርታ ነው። የሜሪላንድ የግዛት አበባ ሆኖ በፈረንጆች 1918 የተመረጠው እሱ ነው። ቅጠሉን ሲዳስሱት ሸካራና ጸጉራም ነው። ዕድሜው ባብዛኛው ሁለት ዓመት ነው፤ ቢበዛ ሦስተኛውን ያያል። መደብሮች በስፕሪንግ የሚደረድሩት ብዙ ጊዜ ይሄንን ነው፤ ቶሎ ያብባል፣ አበባውም ትልልቅ ስለሆነ ገዢ ይስባል። ኢንዲያን ሰመር የሚባለው ዝርያ ለምሳሌ አንድ አበባው ብቻ ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ይሰፋል። ለአንድ ሰመር ካልሆነ ግን አይተማመኑበት። ዘሩ መሬት ላይ ወድቆ ራሱን የሚተካበት ጊዜ አለ። የእርስዎ መደብ ላይ ግን ወይ አበባው ሲጠወልግ ተቆርጧል፣ ወይ ዘሩ ውሃ በሚቋጥር ጭቃ ላይ ወድቆ በስብሷል።

ሁለተኛው ሩድቤኪያ ፉልጊዳ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ይሄንን ነው። በብርዱ ወራት ግንዱ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ከመሬት በታች በሕይወት ይቆያል። በኤፕሪል አዲስ ቅጠል ያወጣል። ከመሬት በታች በሚሄዱ አጫጭር ግንዶች ቀስ እያለ ወደ ጎን ይሰፋል፤ በሦስት በአራት ዓመት ውስጥ አንዱ ችግኝ ሰፊ ቁጥቋጦ ይሆናል። ቅጠሉ ከሂርታ ይልቅ ጠቆር ያለ አረንጓዴና ለስለስ ያለ ነው። አበባው አነስ ይላል፤ ስፋቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ነው። ግን በብዛት ያወጣል።

ስለዚህ ሲገዙ ከፊት በትልቁ የተጻፈውን የሰፈር ስም ይተዉት። ካርዱን ገልብጠው በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ሳይንሳዊ ስም ይፈልጉ። ሩድቤኪያ ፉልጊዳ ካለ ይውሰዱት። ሂርታ ካለ መልሰው ያስቀምጡት። ሩድቤኪያ ብቻ ብሎ ከተወው ሻጩን ይጠይቁ፤ ካላወቀ ሌላ ቦታ ይሂዱ። የአካባቢ ነርሰሪዎች፣ ማለትም ችግኝ ብቻ የሚሸጡ ቤቶች፣ ከትልልቆቹ መደብሮች ትንሽ ይወደዳሉ፤ ሠራተኞቹ ግን የሚሸጡትን ያውቃሉ። አንዴ ተክለው ለዓመታት ለሚያቆዩት ነገር ጥቂት ዶላር ጨምሮ ትክክለኛውን መግዛት ያዋጣል።

ፉልጊዳ ሲባል ደግሞ መጀመሪያ የሚቀርብልዎ ጎልድስተርም የሚባለው ዝርያ ይሆናል። በጣም ታዋቂ ነው። ለገበያ ያበቃው በጀርመን ፖትስዳም ከተማ የነበረው ታዋቂው የአበባ አርቢ ካርል ፎርስተር ነው፤ የተገኘው በ1937 ነው፤ ዓለም ጦርነት ውስጥ ስለገባ ገበያ ላይ የወጣው ግን በ1949 ነው። እናንተ አካባቢ እንዲህ የበዛበት ምክንያትም አለው። ቮልፍጋንግ ኦህሜ እና ጄምስ ቫን ስዊደን የሚባሉ ሁለት የዋሽንግተን የመልክዓ ምድር ዲዛይነሮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመንግሥት ሕንፃዎች ዙሪያ በጅምላ ይተክሉት ነበር፤ ከረጃጅም ሣር ጋር እያደባለቁ። ሌላው ሁሉ ከእነሱ ቀዳ። በጁላይ መጨረሻ ዲሲ ውስጥ መንገድ ዳር ቢጫ ባሕር ካዩ እሱ ነው። በ1999 የአሜሪካ የፐረኒያል (በየዓመቱ ከሥራቸው የሚመለሱ) ተክሎች ማኅበር የዓመቱ ተክል ብሎ መርጦታል።

ጎልድስተርም ጠንካራ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው በአሜሪካ የብርድ ካርታ ዞን 7 ውስጥ ነው፤ ይሄ ተክል ከዚያ በእጅጉ የሚከፋውን የዞን 3 ብርድ ይችላል። እንግዲህ ብርዱ አያሳስብዎ።

ለእርስዎ መደብ ግን ጎልድስተርም ላይ ሁለት ቅሬታ አለኝ። ካርዱ «እስከ ሴፕቴምበር ያብባል» ይላል። በእናንተ አካባቢ ሙቀት ግን አበባው በጁላይ መጀመሪያ ይጀምርና በኦገስት አጋማሽ ጣራ ይነካል። ሴፕቴምበር 11 ሲደርስ ብዙው አበባ ቡናማ ሆኖ ጥቁር ራሱ ብቻ ይቀራል። ለጎረቤትዎ ይሄ ምንም አይደለም፤ የእሱ የአበባ ወቅት ጁላይ ነው። እርስዎ ግን የሚጠብቁት መስከረም 1ን ነው። ቢጫ ስለሆነ ብቻ ማንኛውንም ከመግዛት በፊት መቼ ያብባል ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ቅሬታዬ የቅጠል በሽታ ነው፤ እርስዎ ጋ ደግሞ መርጫው አለ። እሱን ወደ ታች አነሳዋለሁ።

እኔ የምመክርዎ ሁለት ነገር ቀላቅለው እንዲተክሉ ነው። አንዱ አሜሪካን ጎልድ ራሽ የሚባለው ዝርያ ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ጸጉራም ነው፤ የጎልድስተርምን የቅጠል በሽታ በደንብ ይቋቋማል። ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሳይደገፍ ይቆማል። ከጁላይ ጀምሮ ሴፕቴምበርን ይዞ ያብባል። ይሄም በ2023 የዓመቱ ተክል ተብሎ ተመርጧል፤ ስለዚህ አሁን በየነርሰሪው አይጠፋም። ሁለተኛው ጌጠኛ የንግድ ስም የሌለው፣ ሩድቤኪያ ፉልጊዳ ቫራይቲ ፉልጊዳ ተብሎ የሚሸጠው ነው። ይሄኛው ዘግይቶ፣ በኦገስት ይጀምርና እስከ ኦክቶበር ይሄዳል። አበባው ከጎልድስተርም ያንሳል፤ ቅጠሉ ግን የሚያብለጨልጭና ንጹሕ ነው። ትልቅ መደብር ውስጥ አያገኙትም። የሀገሬውን ተክሎች ለይተው የሚሸጡ ነርሰሪዎች ጋ ይጠይቁ፤ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ውስጥ እንዲህ ያሉ አሉ። ለእንቁጣጣሽ ብቻ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይሄንን ነው፤ መስቀልንም ያደርስልዎታል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ሩድቤኪያ አደይ አበባን አይተካም። መሃሉ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ጉብ ያለ ነው። አደይ ደግሞ ቅጠሏም የተቆራረጠና ለስላሳ ነው። ሩቅ ሆነው ሲያዩት ያው ወርቃማ ቢጫ ነው፤ ቀረብ ሲሉ ግን ልዩነቱ ይታያል። በመልክ አደይን ይበልጥ የሚቀርበው ኮሪዮፕሲስ ነው፤ በዝምድናም ቅርብ ነው። ለምን እሱን እንዳላስቀደምኩ ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ወደ መደብዎ እንምጣ። ፀሐዩን በተመለከተ ችግር የለም። ሩድቤኪያ በቀን ለስድስት ሰዓታት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ካገኘ ይበቃዋል። ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት በሀገራችን አቆጣጠር ካገኘ እሰየው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥላ በኦገስት ሙቀት እንዲያውም ያግዘዋል። ጥላው ከቀትር በፊት የሚጀምር ከሆነ ግን ግንዱ ብርሃን ፍለጋ ይዘምምና ዝናብ ሲመታው ይተኛል።

ዋናው ሥራ አፈሩ ላይ ነው። ቀይ ጭቃ ያሉት እዚያ አካባቢ የተለመደ ሸክላማ አፈር ነው። ሀገር ቤት ዋልካ መሬት ያየ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ ቀለሙ ይለይ እንጂ። ሲረጥብ ይለጥፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሩድቤኪያ ፉልጊዳ ሸክላማ አፈርን አይጠላም፤ ምግብም ርጥበትም ይዞለታልና። የሚጎዳው በብርዱ ወራት ውሃ ተኝቶበት ሲቆይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይፈትሹ። መደቡ መሃል 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። ውሃ ይሙሉት፤ ይጠጣ። እንደገና ይሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከወረደ ብዙ አይጨነቁ። በማግስቱ ጠዋት አሁንም ውሃ ካለበት መደቡን ከፍ ማድረግ አለብዎት። አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ በቂ ነው። ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በእንጨት ይክበቡት፤ የአትክልት አፈርና ኮምፖስት ቀላቅለው ይሙሉት። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለ ግን ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ። አንዳንዱ ማኅበር ስለ ድንጋዩ ቀለም ሳይቀር ደብዳቤ ይጽፋል።

ውሃው የሚወርድ ከሆነ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖስት መደቡ ላይ ያፍስሱና ከላይኛው 20 ሴንቲሜትር አፈር ጋር ያዋሕዱት። አሸዋ ጨምሩበት የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ። አይስሟቸው። ሸክላማ አፈር ውስጥ ጥቂት አሸዋ ሲገባ ማለስለሱ ቀርቶ ይበልጥ ያጠነክረዋል። አፈሩ ረጥቦ እያለም አይቆፍሩ። ከእጅዎ ጨበጥ አድርገው ሲለቁት ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ ገና ነው፤ ጥቂት ቀን ይጠብቁ። ሲፈረፈር ይጀምሩ።

ማዳበሪያ? አያስፈልግም። ይሄን ደጋግሜ የምናገረው ወገኖቻችን አትክልት ሲወዱ ማብላት ስለሚወዱ ነው። ሩድቤኪያ ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉ ይወፍራል፣ ግንዱ ይረዝማል፣ አበባው ያንሳል፣ ከዚያ ይጋደማል። ሰማያዊውን የዱቄት ማዳበሪያ ለቲማቲምዎ ያቆዩት። በየዓመቱ በስፕሪንግ ስስ ኮምፖስት ከላይ ቢበትኑለት ከበቂ በላይ ነው።

ሲተክሉ ጉድጓዱ የማሰሮውን ስፋት እጥፍ፣ ጥልቀቱ ግን ልክ የማሰሮውን ያህል ይሁን። ተክሉን ሲያወጡት ሥሩ ዙሪያውን ተጠማዞ ከሆነ በጣትዎ ፈታ ፈታ ያድርጉት። በጣም ከጠነከረ ጎኑን በቢላ ሦስት አራት ቦታ ከላይ ወደ ታች ሰንጠቅ ያድርጉት፤ አይሞትም። ሥሩና ቅጠሉ የሚገናኙበት አንገቱ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። ከተቀበረ ይበሰብሳል። በተክሎቹ መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይተዉ። መጀመሪያ ሲያዩት ባዶ ባዶ ይመስላል፤ በሁለተኛው ዓመት ይሞላል። ባዶነቱ ዓይን የሚወጋዎት ከሆነ ለመጀመሪያው ሰመር መሃሉን በበሶብላ ይሙሉት። ከላይ 5 ሴንቲሜትር ያህል ጉዝጓዝ ያልብሱት፤ የተከተፈ ቅጠልም ሆነ የእንጨት ልጥ ይሆናል። አንገቱን ግን አይሸፍኑት።

ውሃ በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ጠለቅ አድርገው ያጠጡ። ዝናቡን ጨምሮ በሳምንት 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ ማግኘት አለበት። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ረጅም ድርቅ ካልመጣ ራሱን ይችላል።

አሁን መርጫው። እህቴ፣ ከጥያቄዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ሩድቤኪያን የሚያጠቃ ሴፕቶሪያ የሚባል ፈንገስ አለ። አምና ከደረቁ ቅጠሎች ላይ ተኝቶ ይከርማል። በስፕሪንግና በጁን ውሃ መሬቱን ሲመታ ፍንጣሪው ፈንገሱን ወደ ታችኞቹ ቅጠሎች ይወስደዋል። መጀመሪያ ትንንሽ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። ነጠብጣቡ እየበዛ፣ እየተገናኘ ወደ ላይ ይወጣል። በኦገስት ጎልድስተርም ከታች እስከ መካከሉ የተቃጠለ ይመስላል። አበባው ከላይ ያብባል፤ ከታች ግን ዓይን አይሞላም። ተክሉ አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ ሰው ግን ሞተ ብሎ ይነቅለዋል።

በየማታው ቅጠል የሚያረጥብ መርጫ ለዚህ ፈንገስ ድግስ ነው። ስለዚህ የመርጫውን ራስ አቅጣጫ ያስለውጡ፤ አብዛኛው በትንሽ መፍቻ የሚዞር ነው። መደቡን ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ጎማ ከሥር ያጠጡ። ጎማ ከሌለ በማለዳ፣ ከሥሩ ላይ፣ በጆግ ያጠጡ። የታመመ ቅጠል ሲያዩ ይቁረጡና ቆሻሻ ውስጥ ይጣሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት። የፀረ ፈንገስ መድኃኒት መርጨት ለቤት አበባ አልመክርም። ድካሙም ወጪውም ከጥቅሙ ይበልጣል፤ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መትከል ይሻላል። አሜሪካን ጎልድ ራሽን ያስቀደምኩት ለዚህም ጭምር ነው።

ሌላው የሚጠሉት እንግዳ አጋዘን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ማታ ማታ በየግቢው ይዞራሉ። ያደገ ሩድቤኪያ ቅጠሉ ሸካራ ስለሆነ አይጥማቸውም። በኤፕሪልና በሜይ የሚወጣውን ለጋ ቅጠል ግን ጥንቸልም አጋዘንም ይቀምሱታል። ለእነዚህ ሳምንታት ብቻ በዶሮ ሽቦ ይክለሉት።

አሁን ወደ መቀሱ እንምጣ። አበባውን ወደ እንቁጣጣሽ ለመግፋት ዋናው ዘዴ ይሄ ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ፣ በጁን የመጀመሪያ ሳምንት፣ ተክሉ ጉልበት ላይ ሲደርስ ከላይኛው ሲሶ ያህል ይቁረጡት። አዎ፣ ያማል። እንቡጥ ሊያወጣ የተዘጋጀ ጫፍ ነው የሚቆርጡት። ግን በእያንዳንዱ የተቆረጠ ግንድ ላይ ሁለት ሦስት አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ አበባውም ሁለት ሳምንት ገደማ ይዘገያል። ተክሉም አጠር፣ ደልደል ይላል፤ ነፋስ አይጥለውም። ሁሉንም ግን አይቁረጡ። ከፊት ያሉትን ይቁረጡ፣ ከኋላ ያሉትን ይተዉ። የኋላዎቹ በጁላይ ይጀምራሉ፤ የፊቶቹ ተከትለው ይመጣሉ። ከጁን አጋማሽ በኋላ ከሆነ ግን አይቁረጡ፤ እንቡጡን ጠቅላላ ሊያጡት ይችላሉ።

ከዚያ በጁላይ መጨረሻና በኦገስት የጠወለገውን አበባ እየተከታተሉ ይንጩት። ራሱን ብቻ አይቅነጥሱ፤ ወደ ታች ወርደው ቀጣዩ እንቡጥ ወይም ቅጠል እስካለበት ይቁረጡ። ተክሉ ዘር አፍርቼ ጨረስኩ ብሎ እንዳያርፍ ነው። ከኦገስት 20 ገደማ በኋላ ያበበውን ግን አይንኩት፤ ለበዓሉ ነው።

ለጠረጴዛ ሲቆርጡ በማለዳ ይሁን። ገና የተከፈተውን፣ መሃሉ ያልተበተነውን ይምረጡ። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ያራግፉ፤ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ይሸታል። ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ። እንዲህ ከያዙት አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ቄጠማው ከጎዘጎዙ፣ ቡናው ከቀረበ፣ ይሄ አበባ ቦታው ላይ ነው።

በዓሉ ካለፈ በኋላ የቀረውን ራስ አይቁረጡ። ጥቁሩ ራስ በዘር የተሞላ ነው። ጎልድፊንች የምትባለው ትንሽ ቢጫ ወፍ ኦክቶበርና ኖቬምበር እየመጣች ትለቅማለች። ጎረቤት ደርቋል፣ አጽዳው ቢልዎ ይታገሡት። መሬት ላይ የወደቀውን የታመመ ቅጠል ግን ጠርገው ያውጡ፤ ፈንገሱ የሚከርመው እዚያ ነው። ደረቁን ግንድ በፌብሯሪ መጨረሻ ወይም በማርች ከመሬት በላይ ጥቂት ትተው ይቁረጡት። በዚያን ጊዜ ከሥሩ፣ መሬት ላይ የተነጠፉ ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ያያሉ። አረም መስለዎት እንዳይነቅሏቸው። አዲሱ ተክል እነሱ ናቸው።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት መሃሉ ይሳሳል፣ ዳሩ ይወፍራል። ያኔ በኤፕሪል መጀመሪያ ሙሉውን በአካፋ ያውጡና ሥር እና ቅጠል እንዲኖራቸው አድርገው ይከፋፍሉት። የመሃሉን አሮጌ ይጣሉ። የዳሩን መልሰው ይትከሉ። ከአንድ ቁጥቋጦ አራት አምስት ይወጣል፤ ከዚህ በኋላ ለመላው ዘመድ ያዳርሳሉ።

ስለ ሌሎቹ ቢጫ አበቦች ባጭሩ። ኮሪዮፕሲስ ከላይ እንዳልኩት የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ሙንቢም የሚባለው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ዝርያ በ1992 የዓመቱ ተክል ነበር፤ ዛግሬብ የሚባለው ደግሞ ደመቅ ያለና ይበልጥ ጠንካራ ነው። ሁለቱም ቅጠላቸው እንደ ክር የቀጠነ ነው። ግን ዋና አበባቸው በጁን ነው። በጁላይ መጨረሻ ሙሉውን ከረከሙት በሴፕቴምበር መለስ ይላሉ፤ የመጀመሪያውን ያህል ግን አይሆንም። ከዚያም በላይ ውሃ የሚቋጥር ጭቃ ውስጥ በብርዱ ወራት ሥራቸው ይበሰብሳል። መደብዎን ከፍ ካደረጉት በዳሩ ላይ ሁለት ይትከሉ። ካላደረጉት ይተዉት።

ከቤትዎ ጀርባ ሁልጊዜ የሚረጥብ ቦታ ካለ ደግሞ የረግረግ ሱፍ የሚሉትን ሄሊያንተስ አንጉስቲፎሊየስን ያስቡ። ከሴፕቴምበር እስከ ኦክቶበር ያብባል፤ መሃሉ ጠቆር ያለ ቢጫ አበባ ነው፤ ርጥበት ይወዳል። ከሰው ይረዝማል። ሁለት ሜትር ለሆነች የፊት ለፊት መደብ አይሆንም፤ መስኮትዎን ይጋርደዋል።

በሰመር መጨረሻ በሜሪላንድ አውራ ጎዳና ዳር፣ ቦይ ውስጥ፣ ልክ አደይ የመሰለ ቢጫ አበባ ሲያዩ ልብዎ ድንግጥ ይላል። ቢደንስ አሪስቶሳ ነው። ከአደይ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሁለቱም ቢደንስ ናቸው። በዓመቱ የሚሞት ተክል ነው፤ ራሱ በዘር ይመለሳል። ይመለሳል ማለት ቀላል ነው፤ ይወራል። ፍሬውም ልብስ ላይ ይለጠፋል። ሰፊ ሜዳ ላለው ሰው ደስ ይላል። ለፊት ለፊት መደብ ግን ጎረቤት ያጣላል።

የአደይ ዘርን በተመለከተ፣ እህትዎን አያስቸግሯቸው። ዘር ወደ አሜሪካ ሲገባ የተክል ጤና ሰርተፊኬት ይጠየቃል፤ ለአነስተኛ መጠን ደግሞ ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የሚወጣ ፈቃድ አለ። በበርበሬና በሽሮ መሃል ተጠቅልሎ የመጣ ዘር አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል፤ ሳይገለጽ ከተገኘ ቅጣትም አለው። ሕጉን አሟልተው ቢያስገቡትም እርስዎ የሚፈልጉት አይሆንም። አደይ የደጋ ልጅ ናት፤ የክረምቱን ዝናብና ቅዝቃዜ ጠጥታ መስከረም ላይ የምታብብ። የሜሪላንድ ጁላይና ኦገስት ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊቱ ሳይቀር ያፍናል። የሚቀጥለውን የዲሴምበር ውርጭ ደግሞ አትችልም። በየዓመቱ ራሱ የሚመለስ ስላሉኝ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በመጨረሻው የኦገስት ሙቀት አይትከሉ፤ ስፕሪንግንም አይጠብቁ። አሁን ሄደው አብቦ ያለውን፣ አንድ ጋሎን በሚባለው ማሰሮ ያለውን ይግዙ። ለመደብዎ አምስት ይበቃል፤ ሦስቱ አሜሪካን ጎልድ ራሽ፣ ሁለቱ ቫራይቲ ፉልጊዳ። የኋለኛውን ካጡ አምስቱንም ከመጀመሪያው ያድርጉት። እስከ በዓሉ ከነማሰሮው በር ላይ ደርድሯቸው። በዚህ ሙቀት ማሰሮ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ በየማለዳው ያጠጡ።

መደቡን በዚህ መሃል ያዘጋጁ። ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይትከሉ። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ አፈሩ ግን ገና ሞቃት ነው፤ ሥር የሚይዘው ያኔ ነው። ሲተክሉ የአበባውን ግንድ ይቁረጡና የታችኛውን ቅጠል ብቻ ይተዉ፤ ጉልበቱ ወደ ሥር ይውረድ። የዘንድሮው የወፎች ድርሻ ይቅር። በጃንዋሪና በፌብሯሪ አፈሩ በረዶ ሲሠራና ሲሟሟ አዲስ ተክልን ወደ ላይ ገፍቶ ያወጣዋል። በወር አንድ ሁለቴ ብቅ እያሉ ይዩት፤ ተነሥቶ ካገኙት በእግርዎ ጫፍ ቀስ ብለው መልሰው ይጫኑትና ጉዝጓዙን ይመልሱለት።